አንቱታ

«የማን እናት?» አለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ።

«የአምባሳደሩ! የሀብተሚካኤል!»

ከላስቲክ ጫማቸው እስከ ነጠላቸው ጥለት አያቸው። «ዛሬ እኮ ሁሉም እናቱ ነኝ ባይ ነው፣ እማማ።»

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ከጅል ጋር አይከራከሩም። በክርናቸው ገፍተውት ገቡ። ዕድሜ ልኩን የጥጥ ፋብሪካ ማሽን ሲገፋ የኖረን ክርን የትናንት ዘበኛ አይመልሰውም። ጎረቤቱም ያው ነው፤ «ልጅዎ አምባሳደር ከሆነ ምነው በራፍዎን አያውቀው?» እያለ ያሽሟጥጣል። የሚያውቋቸው ሰዎች የፋብሪካው ሰፈር ሲፈርስ ተበትነዋል።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሀብተሚካኤል ወደተሾመበት አገር ከመሄዱ በፊት፣ ለተማረበት ትምህርት ቤት ያሠራውን ቤተ መጻሕፍት ሊመርቅ መጥቷል። እናቱን ግን የጠራ የለም፤ ወሬውን የሰሙት ከባለሱቋ ከአዚዛ ነው።

በገመዱ ሥር ሾልከው መድረኩ ፊት ቆሙ። ልጃቸው ንግግሩን አቋረጠ። ያ የተገራ ፈገግታው እንደ መጋረጃ ወረደ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እንደምን ነዎት፣ እናቴ? ደክመው መጡ።»

ሰው አጨበጨበ። «እናቴ አላቸው!» አለች አንዷ።

ደንቆሮ! «እናቴ»ማ ለመንገድ ለማኝም ይባላል። እሳቸው የሰሙት «ነዎት»ን ነው። ጡታቸውን ነክሶ ያደገ ልጅ አንቱ አላቸው። ስድብ ቢሆን አጸፋውን ያውቁበታል፤ በአክብሮት የተገፋ ግን ምን ብሎ ይሟገታል?

«እኚህ እናት» አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ «ወላጅ እናቴ ከሞተች በኋላ ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ያሳደጉኝ ጎረቤታችን ናቸው።»

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ሕዝቡን ቃኙ። ከድሮ ሰዎች አንድ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ቢቂላ ቆሟል፤ እውነቱን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም መሬት መሬቱን ያያል።

«ቢቂላ! እናቴ ሞታለች ይላል፣ አልሰማህም? ምን ትጠብቃለህ፣ ጡሩምባህን አምጣና ንፋ እንጂ! ድንኳኑ እንደሁ ተጥሏል፤ ለቅሶ ደራሹም ሞልቷል። አስከሬን ከጎደላቸው እኔ እተኛላቸዋለሁ።»

ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ ቀዩ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተዘረጉ።

ካሜራው ሁሉ ዞረ። ሀብተሚካኤል ከመድረኩ ወርዶ አጠገባቸው ተንበረከከ፤ ለሚያየው ሰው ትሕትና ይመስላል። ሽቶው ቀድሞት ደረሰ።

«እማዬ» አለ በጆሯቸው፣ ከንፈሩን ሳያላውስ፤ «በማርያም፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ተነሺ።»

ዓይናቸውን ከደኑ። «ተነሺ» አላቸው። አፋቸው ውስጥ እንዳለ ከረሜላ መጠጡት።

ከዚያ ከረባቱን ጨምድደው ያዙ።

«እነሳለሁ» አሉ። «መጀመሪያ አንተ እዚያ ላይ ውጣና፣ ያችን ‹ተነሺ› ያልካትን በማይክራፎኑ ድገማት።»