ስም የማይጠራበት ዳርቻ

ነገሩን ያበላሸችው ሉሊት ናት። «ጠበል ነው» አለች። አፏን ከፍታ እስክትዘጋ ያለቀ ነገር ነው፤ ያውም ክርክር ሰልችቷት፣ ቶሎ ለመገላገል ያለችው። ሳምንት ሳይሞላ ለሁለት ሰው የታሰበው ጉዞ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሆነ፣ የእህቷም ስም በመካነ ሰላም ከቤት ቤት መዞር ጀመረ።

እህቷ የትምወርቅ ከኩዌት የተመለሰችው ለመስቀል ነው። ሉሊት ዩኒቨርሲቲ የተማረችው በእሷ ደሞዝ ነው፤ የቤቱ ቆርቆሮም የግቢው ቧንቧም የእሷ ነው። ከገባች ወዲህ ቤቱ ከእንግዳ ጸድቶ አያውቅም። አንዱ እንኳን ደህና ገባሽ ሊል ይመጣል፣ ሌላው ልጁን በምን በኩል እንደሚልክ ሊጠይቅ፣ ሌላው ዝም ብሎ ሊያያት። የመጣው ሁሉ ስሟን ይጠራል። የትምወርቅ፣ እስቲ ውሃ። የትምወርቅ፣ ይህቺን ስልክ እይልኝ። የትምወርቅ፣ ነይ አጫውችን። በጠሯት ቁጥር ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። ይህ አመል ከዚያ ይዛው የመጣችው ነው፤ ገና አልለቀቃትም።

አንድ ቀን ሁለቱ አንሶላ ሲያጥቡ ሉሊት እንዲያው ለወሬ ያህል ጠየቀቻት።

«ባሕሩ ግን ያምራል?»

«ከወጥ ቤቱ መስኮት ይታየኛል» አለች የትምወርቅ። «በሁለት ፎቅ መሀል፣ መዳፍ የምታህል።»

«ዳሩ ድረስ አልሄድሽም?»

«አርብ አርብ ይወስዱኛል፣ ዕቃ ለመጠበቅ። እነሱ ይዋኛሉ፣ እኔ ጫማና ፎጣ ታቅፌ እቆማለሁ። አንዴ ውሃው መጥቶ እግሬን ሊነካኝ ሲል ማዳም ጮኸች። ጫማሽ ከረጠበ መኪናውን ታበላሺዋለሽ ብላ።»

«እና?»

«ፈቀቅ አልኩ።»

የአንሶላውን አንድ ጫፍ ለሉሊት ሰጠቻትና ተያይዘው ጠመዘዙት። ውሃው ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው የቀጠለችው። «አንድ ቀን ውሃ ዳር መቀመጥ እፈልጋለሁ። እግሬን ነክሬ፣ ማንም ስሜን ሳይጠራ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ከመጣች ጀምሮ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው። ሉሊት ደግሞ አብሮ መተከዝ አይሆንላትም። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ስልኳን አወጣች።

አገራችን ባሕር ባይኖረውም ከደሴ ወዲያ ሐይቅ አለ። ከየትምወርቅ ጋር ኩዌት የነበረችው ፈርሂያ የራሷ አክስት ሐይቅ ከተማ ስለምትኖር አገሩን ታውቀዋለች፤ የባለጀልባውን የጋሹን ቁጥር የሰጠቻት እሷ ናት።

«የኔ እህት፣ ቦታው ከሦስት ወገን ገደል ነው» አለ ጋሹ በስልክ። «በእግር አይደረስም። አሸዋ አለው። ጠዋት አደርሳችኋለሁ፣ ወደ ማታ መጥቼ እወስዳችኋለሁ።»

«ሰው አለ?»

«የለም።»

«ሻይ የሚሸጥ ምናምን?»

«ምንም የለም አልኩሽ። ኔትወርክም የለም።»

«እሱን ነው የምፈልገው። ዋጋውን ግን ቀንስ።»

«ሰኞ ኑ፣ እቀንሳለሁ። እሁድ ሙሽራ አለብኝ።»

የቀረውን ሉሊት በርካሽ ጨረሰችው። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት የሚኒባሱ ታሪፍ የማይቀመስ ሆኗል፤ የአጎታቸው ልጅ አበጋዝ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ጤፍ ጭኖ ይወጣል፣ አቀስታ አድሮ በማግስቱ ደሴ ይገባል። የአይሱዙው ጋቢና ለዘመድ ነፃ ነው። ማደሪያው የፈርሂያ አክስት የዘይነባ ቤት ሆነ፤ ዘይነባ እንዲያውም ሆቴል የሚል ቃል ሰምታ ተቆጥታለች፣ «ወላሂ ቤቴን አልፋችሁ ካደራችሁ ፈርሂያንም አላያት» ብላ። ስንቁ ከቤት ዳቦና ቆሎ። ከእጅ የሚወጣው ጀልባው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሉሊት ከተመረቀች ወዲህ እንዲህ የተሳካ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

እናታቸው ይርገዱ ናት ያልተሳካችው።

«ውሃ ለማየት ሐይቅ ድረስ?» አለች። «ይሄ ቧንቧ ምን ሆነ?»

«እማዬ፣ ለመዝናናት ነው።»

«ለመዝናናት! ገና ከዐረብ አገር የገባች ልጅ፣ ባል የላት፣ በጭነት መኪና ተሳፍራ ለመዝናናት። ሰው ምን ይላል? ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ሰው እንኳ አለ።»

«ማን?»

«አለ አልኩሽ።»

ይህ ክርክር ጠዋት ተጀምሮ ምሳ ላይ ቀጠለ፣ ከምሳ በኋላም ከመጀመሪያው ተነሳ። ሉሊት ሰለቻት። ከዚያ ነው ያቺን ነገር ያለችው።

«ጠበል ነው።»

የእናቷ ፊት ወዲያው ተፈታ። «ታዲያ ይህን አትናገሪም? ስታለፊኝ የዋልሽው ምን ብለሽ ነው? የማን ታቦት ነው?»

«ገና አሁን የፈለቀ ነው» አለች ሉሊት፤ ይህ ደግሞ ከፊተኛው ባሰ። የታወቀ ጠበል ቢሆን ግማሹ አገር ሄዶበታል፣ ያልዳነውም ተስፋ ቆርጦበታል። አዲስ የፈለቀ ሲባል ግን የማይነሳ የለም። ደግሞም እዚህ አገር ጠበል ተደብቆ የሚሄድ ሰው የለም። የሰማ ላልሰማ ይናገራል፤ ሰምቶ ዝም ያለ መድኃኒት እንደደበቀ ይቆጠራል። ሉሊት ይህን የማታውቅ ሆና አይደለም፤ ተወልዳ ያደገችበት ነው። ቸኩላ ነው።

እናቷ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ ጎረቤታቸው እትዬ በዛች በከዘራ እየተደገፉ ተከትለዋት ነበር።

«ጉልበቴ ነው ልጄ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሐኪሙ የዕድሜ ነው ይለኛል። ዕድሜዬንማ መች አጣሁት፣ ጉልበቴን ነው እንጂ።»

በማግስቱ የጽዋ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ጋሽ ዋለ መጡ። ጋሽ ዋለ ነገር ማደራጀት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የቀብር ድንኳን ሲተክሉ እንኳ ደስታቸውን መደበቅ ያቅታቸዋል።

«አንቺ በጭነት መኪና ምን ወሰደሽ?» አሏት። «አውቶቡስ ተኮናትረን ለሰው ስናካፍለው አንቺ ካሰብሽው ያነሰ ነው የሚመጣው። በሚመጣው እሁድ እንነሳለን።»

ሉሊት በልቧ አሰላችው። እውነታቸውን ነው፤ ያነሰ ነው። ከሁሉም ያናደዳት እሱ ነው።

«ባለጀልባውንም አናግሬዋለሁ» አሉ ጋሽ ዋለ። «ጨዋ ልጅ ነው። ሁለት ጀልባ አቀርባለሁ አለኝ።»

«ጠበል መሆኑን ጠየቁት?»

«ጠየቅሁት እንጂ። ‹አባቴ፣ እርስዎ ካመኑ ውሃው አለ› አለኝ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ሉሊት ገና ሳቅ ሳቅ እያላት ነበር። ሳቋን የወሰደው ወፍጮ ቤት የሰማችው ነው። ተራ ስትጠብቅ አጠገቧ የቆመች ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እህትሽ እንዴት አደረች? አይዞሽ፣ ይለቃታል» አለቻት።

«ምኑ ነው የሚለቃት?»

ሴትዮዋ በሀዘን አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች።

ነገሩ ለካ ገብቷቸው አድሯል። ገና ከውጭ የገባች ልጅ ያን ያህል አገር አቋርጣ ጠበል የምትሄደው ለምንድን ነው? መልሱ አንድ ነው። አታወራም፤ ስትጠራ ትደነግጣለች፤ ሌሊት መብራቷ አይጠፋም። ሁሉም በየቤቱ ያየውን አምጥቶ ደመረና «ከዚያ ይዟት የመጣ ነገር አለ» ሆነ። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበው ሰውም እስቲ ትንሽ ቆይቼ ልየው አለ ተባለ።

ሉሊት ለእህቷ እንዴት እንደምትነግራት ስታወጣ ስታወርድ የትምወርቅ ቀደመቻት።

«ሰምቻለሁ» አለች። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። «አሁን ሲያናግሩኝ ቀስ ብለው ነው። እንደ ሕፃን።»

«እታለም፣ እኔ ክፉ አስቤ...»

«አውቃለሁ። ጀልባው አለ?»

«አለ። ግን ሁሉም ተነስተዋል፣ እማዬም የአበጋዝን መኪና ተይው ብላኛለች።»

«ለአበጋዝ ነገርሽው?»

«ገና ነኝ። እደውልለታለሁ።»

የትምወርቅ አንዱን ሽንኩርት ጨርሳ ሌላ አነሳች። «አትቸኩይ» አለች። ይህን ቃል ለሉሊት ስንት ሰው መክሯታል፤ ከእህቷ አፍ ስትሰማው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ጋሽ ዋለ፣ እትዬ በዛችና የማኅበሩ ሰዎች ስለ ጉዞው ለመነጋገር እነ ይርገዱ ቤት ተሰበሰቡ። የትምወርቅ እንደ ልማዷ ለእንግዶቹ ትቀዳለች። ሉሊት ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ካህን ከየት እንደሚገኝ፣ ጀሪካን በአውቶቡስ ጣራ ይጫን ወይስ እግር ሥር ይሁን፣ ሁሉም ተነሳ። ከዚያ እትዬ በዛች ተራቸውን ያዙ።

«የትምወርቅ ትቅደም» አሉ። በፍቅር ነው የሚናገሩት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ከሁላችንም የባሰባት እሷ ናት። ካህኑ የክርስትና ስሟን ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ይጥሩት። ያኔ ነው የያዛት ነገር የሚለፈልፈው። ብቻ እጇን ሁለት ጠንካራ ሰው ይያዝላት።»

የትምወርቅ በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ብርጭቆ እንደያዘች ቆመች። ሉሊት እነዚያን እጆች አየቻቸው። በበረኪና የተበሉ ናቸው።

«ጠበል የለም» አለች ሉሊት።

ማንም አልሰማትም መሰላትና ደገመችው። «ጠበል የለም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። እህቴ ሐይቅ ዳር ቁጭ ማለት ፈለገች፣ እማዬ እምቢ አለች፣ ጠበል ነው አልኩ። በቃ። ምንም የያዛት ነገር የለም፤ ደክሟት ነው።»

ይርገዱ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «ኧረ ልጄ፣ ሰው ፊት» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር።

«ባለጀልባውስ?» አሉ ጋሽ ዋለ።

«ባለጀልባ እኮ ነው፣ ጋሼ። ሰው ማመላለስ ነው ሥራው።»

እትዬ በዛች ግን አላመኑም። ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ይርገዱ ዘንበል አሉ፣ ሹክ ለማለት፤ ጆሯቸው ስለደከመ ግን ሹክሹክታቸው ለግቢው ይሰማል።

«አየሽ አይደል? ገና የጠበሉ ስም ሲነሳ አላስኬድም አለ። ይርገዱ፣ ሁለቱም ናቸው።»

የሳቀ የለም። የማኅበሩ ሰዎች ሉሊትን አዩ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ በጉሮሮው ጸሎት ጀመረ። ሉሊት እውነቱን መናገር እስከዚህ ጥቅም የሌለው ነገር መሆኑን ዩኒቨርሲቲ አልተማረችም።

ከውጭ የአይሱዙ ጡሩምባ ተሰማ። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ ረዘም አድርጎ። ሉሊት ለአበጋዝ አለመደወሏ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት።

የትምወርቅ ጆጉንና ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ወደ ጓዳ ገብታ በፌስታል የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች፤ ዳቦው በላስቲኩ ውስጥ ይታያል። ሲቋጠር ሉሊት አላየችም።

«ወዴት ነው?» አለች ይርገዱ።

«ወደ ውሃው።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ሉሊት ከበርጩማው ተነሳች። እህቷ ግን በዓይኗ መለሰቻት። «አንቺ እዚሁ ሁኚ» አለች፣ ሳትቆጣ። «የጠራሻቸው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አስተናግጃቸው።»

ሉሊት ተቀመጠች። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት አይደለም።

ይርገዱ ልጇን ለማስቆም ስትነሳ ሁሉም ጠበቀ። እሷ ግን ከማዕዘኑ ትንሿን ቢጫ ጀሪካን አንስታ አቧራዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ለየትምወርቅ ዘረጋችላት። «ጠበል ሆነም አልሆነም» አለች፣ «እስከዚያ ድረስ ከሄድሽ አይቀር ትንሽ ቀድተሽልኝ ነይ።»

የትምወርቅ ጀሪካኗን ተቀበለች። ለአንድ አፍታ እንደ ድሮዋ ልትይዝላት መሰለ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሉሊት እግር አጠገብ አስቀመጠቻት።

«እኔ ዕቃ አልይዝም» አለች።

«የትምወርቅ!» አሉ እትዬ በዛች ከኋላ። «የትምወርቅ፣ ኧረ ስሚ!»

ብድግም አላለችም፣ አልዞረችምም፤ ቀድሞውንም ቆማ ነበር። ወጣችና በሩን ከውጭ ዘጋችው፣ በሰው ቤት የተኙ ልጆች እንዳይነቁ በሩን መዝጋት የለመደ ሰው እንደሚዘጋው፣ ድምፅ ሳታሰማ።