ፍትሐት የተደረገለት ምስክር

አለበል ሞቷል ብለን አልቅሰናል። ፍትሐት እንደተደረገለት ከአገሩ የመጣ ሰው ለባሌ ለአካሉ ነግሮት፣ ፍራሽ አንጥፈን ለቅሶ ተቀምጠናል። ፍትሐት የተደረገለት ሰው ሌላ ምን ይባላል? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እኔም ከአንጀቴ አልቅሻለሁ።

አካሉና አለበል ወታደር ሳሉ ከሌሎች ጓዶቻቸው ጋር የኬሚካል በርሜል የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ሠርተዋል። ጓንት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚፈሰውን በባዶ እጃቸው ነበር የሚጠርጉት። ጓዶቹ አንድ በአንድ ደማቸው እያለቀ ሞቱ። አሁን ተራው የአካሉ ሆነ። ምንም ሳይመታው ገላው ይበልዛል፣ ድዱ ይደማል። ሐኪሙ መቅኒው ደም መሥራት እያቆመ ነው አለን። የአካል ጉዳት አበልና ሕክምና እንዲያገኝ ስንጠይቅ ጉዳዩን የሚያየው ቦርድ መጋዘኑ ውስጥ አብሮት የሠራ ሰው ይመስክርለት አለ። አካሉ ሁሉም ሞተዋል አላቸው። እንቅልፍ ሸለብ ባደረገው ቁጥር ሟቾቹ እንደሚመጡ ግን ለእኔ ብቻ ነግሮኛል፤ በርሜል በርሜል እየሸተቱ ደጃፉ ላይ ቆመው ና እንሂድ ይሉታል። እኔ ፈሪ አይደለሁም፤ ያን ሰሞን ግን በሩን በጊዜ መቀርቀር ጀመርኩ።

አንድ ቀን ግሽ ዓባይ ሰፈር የአለበልን እህት ወለተ ኪዳንን አግኝቼ ነፍስ ይማር ብላት አፈጠጠችብኝ። ለካ ወንድሟ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ መንኩሷል፤ ሊመነኩስ ሲል እንደ ሙት ተገንዞ ነው ፍትሐት የተደረገለት። የቄስ ልጅ ሆኜ ይህን ሳላስብ መቅረቴ አናደደኝ። ያፈሰስኩት እንባም ቆጨኝ።

በማግስቱ በጀልባ ሄድኩ። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አስጠራኋቸው። አለበል አባ ኪዳነ ወልድ ተብለው ወረዱ። ፊታቸው እንደ አካሉ አመድ መስሏል። ነገሬን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሐይቁን አዩ።

«አለበል ሞቷል፣ እህቴ። ሙት ቦርድ ፊት አይቆምም» አሉኝ።

ልቆጣቸው ተነሣሁ። አፌን ሳልከፍት ግን ከአፍንጫቸው ደም ወረደ። እንደለመደ ሰው በነጠላቸው ጫፍ ያዙት።

«ሙት አይደማም፣ አባ» አልኳቸው። «አካሉ ስምዎን ከሙታን ጋር እየጠራ ይጸልያል። ምን እየገደለው እንደሆነ የሚናገርለት የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አበ ምኔቱን ላስፈቅድ ብለው ወጡ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅኩ፤ የሚመለሱ አልመሰለኝም ነበር። ሲወርዱ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘዋል።

ዓባይ ማዶ ቤታችን ስንደርስ ቀድሜ ገብቼ ልነግረው አስቤ ነበር። በሩን ስከፍት ግን አካሉ ከኋላዬ ቆመው አያቸው። አልደነገጠም፤ እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ ይህ ነው። ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ።

«መጣህ፣ አለበል?» አለ። «ሌሎቹ ውጭ ናቸው?»

አባ ተንበርክከው እጁን ያዙት። እጅጌያቸው ሸሸት ሲል የሁለቱም ክንድ አንድ ዓይነት በልዞ አየሁ።

«ልወስድህ አልመጣሁም፣ አካሉ። ልመሰክርልህ ነው የመጣሁት።»

አካሉ ሙቀት እንደሚፈልግ ሁሉ እጃቸውን ደጋግሞ ዳበሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲያ ጫማዬን አውልቂልኝ» አለኝ።