ከበሩ እስከ ቤቱ

ዳርሲ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለበጋው ወራት የተቀጠረችው፣ አባቷ ኤልደን በበረዶ ውሽንፍር በሞተበት የከብት እርባታ ነበር። ቦታውን ሸጠው ከተማ ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቷ አርሊስ ሌላ ሥራ ፈልጊ ብላ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ታምሜያለሁ ብላም ተኛች። ልጅቱ በጄ አላለችም። ምን ይደረግ፣ ራሷ ልታደርሳት ፒካፑን አስነሳች።

የሦስት ሰዓቱን መንገድ አርሊስ ስድስት አደረገችው። ለመንገደኛ ተብሎ የቆመ ነገር አንድም አላለፋትም። ጡረታ የወጡ ከብት ጠባቂዎች ቦት ጫማቸውን የዘቀዘቁበት አጥር ጋ ቆመች፤ ቤት የሚያክለው የሲሚንቶ ኮርማ ጋም ቆመች። ዳርሲ፣ እሱን ሳታልቢው አንሄድም መሰለኝ ብላ አሾፈችባት።

ባለሁለት ራስ ጥጃ በመስታወት ሣጥን በሚታይበት ሱቅ፣ ባለቤቷ አሮጊት ሦስት ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ቀዳች። አርሊስ ሁለት ነን አለቻት።

«መኪናው ውስጥ ያለው ሰውዬስ?» አለች አሮጊቷ በመስኮቱ እያየች። «በዚህ ሙቀት ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ።»

አርሊስ ዞረች። ፒካፑ ባዶ ነበር። ዳርሲ ግን ዞራም አላየች።

መንገድ ከጀመሩ በኋላ ልጅቱ በቀስታ ተናገረች። ሰው አባቷን ቢያየው እንደማይገርማት፣ ያን ቀን እሷ ለልደቴ ካልመጣህ ብላ በስልክ ባትነዘንዘው ኖሮ ኮረብታው ላይ ካለው ጎጆ እንደማይወጣ፣ በእሷ ሰበብ ስለሞተም እዚያ ልትሠራ እንደፈለገች ነገረቻት። አላለቀሰችም። አርሊስ መሪውን ጨብጣ ነዳች። ይህንኑ ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምታለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብላለች።

ከእርባታው ምሥራቃዊ አጥር በር ሲደርሱ ቀኑ ገና ብሩህ ነበር። በዚያ አገር በር የሚከፍተው ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ነው። ዳርሲ ልትወርድ ስትል አርሊስ ክንዷን ያዘቻት።

ክንዷን እንደያዘች ነገረቻት። እዚያ በሩም እንደ አጥሩ ከሽቦና ከእንጨት ስለሚሠራ፣ ሲዘጋ በእጅ ለሚዳስሰው ሰው ከአጥሩ አይለይም። ኤልደን ያን ጠዋት ሰማዩ አላምር ሲለው ያን በር አውቆ ክፍት ትቶ ወደ ጎጆው ሄደ፤ ውሽንፍር ቢይዘው ሽቦውን እየዳበሰ ይመጣል፣ ሽቦው የተቋረጠበት ቦታም ከቤቱ ፊት ለፊት ነው። የአገሩም ሕግ በርን እንዳገኙት መተው ነው። አርሊስ ግን ቀትር ላይ በሩን ክፍት አገኘችው፤ ረስቶት ነው፣ ጥጆቹ ወጥተው በረዶ ይፈጃቸዋል ብላ ሰጋች። በማግስቱ የጓንቱ ክር በሩን አልፎ፣ ራቅ ብሎ፣ በሽቦው እሾህ ላይ ተገኘ።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች።

«እኔ ነኝ ስል እየሰማሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«እየሰማሁ ነው፣ ልጄ። አንቺንም እንዳላጣ ፈርቼ።»

ዳርሲ ወረደች። ሻንጣዋን ከኋላ አነሳች፣ በሩን የያዘውን የሽቦ ማነቂያ አላቀቀች፣ በሩን እየጎተተች ወለል አድርጋ ከፈተችው። አርሊስ ሞተሩን ልታስነሳ ስትል መዳፏን ዘርግታ ከለከለቻት፤ ወደ ቤቱም በእግሯ ሄደች።

በግጦሹ ላይ የነበሩት ጥጆች ክፍቱን አይተው መምጣት ጀመሩ። አርሊስ ዘልላ ወርዳ የበሩን እንጨት ያዘች። መዝጋት ነበረባት፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት።

ከኋላዋ የፒካፑ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

አልዞረችም። የበረዶ ሽታ በጎኗ አለፈ፣ ክንዷ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ። ከፊቷ የተኮለኮሉት ጥጆች ግራና ቀኝ ፈቀቅ ብለው አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ለቀቁ።

ራቅ ብላ ስትሄድ የነበረችው ዳርሲ ቆመች። የሚደርስባትን ሰው እንደሚጠብቅ ጥቂት ቆየችና፣ እርምጃዋን አሳጥራ ቀጠለች።