የማይነቃነቀው ሣጥን

የጻድቁ ጫማ የተቀመጠበት ሣጥን ውሸታም ሲያነሳው ይከብዳል ይባላል። ይህን ታሪክ እንደ አክስቴ አሳምሮ የሚያወራ የለም። የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ከያዘች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሦስት ሌቦች ላብ በላብ ሆነው ባዶ እጃቸውን እንደወጡ ስትተርክ አጠገባቸው የነበረች ይመስላል።

ሰኞ ጠዋት ጣሪያው አፈሰሰ፤ ጠብታው የሚወርደው ልክ ሣጥኑ ላይ ነበር። ጫማው ያረጀ ቆዳ ስለሆነ ውሃ ከነካው አለቀለት። አክስቴ ጃንጥላ ዘርግታበት ቆመችና ሣጥኑን ወደ ጎን ክፍል የሚያዛውር ሰው አስጠራች።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ሞከረ። ሣጥኑ ንቅንቅ አላለም። ከኋላ አንዲት ሴት፣ ቀሚሷ ነገ ይደርሳል ከተባለ አራት ወር እንዳለፈው ለጎረቤቷ ነገረቻት፤ ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም። ቀጥሎ ሥጋ ሻጩ ቀረበ፤ እሱም እንደዚያው። ስለ ሚዛኑ ማንም ምንም አላለም፤ ሰው ሁሉ ብቻ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ወንዶች በሙሉ ወገባቸውን ያማቸው ጀመር።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "እስቲ አንቺ ሞክሪ። አንቺ እንኳን ለመዋሸት ለመናገርም ታፍሪያለሽ።"

የሠራችልኝን ሹራብ በጣም ወደድኩት ካልኳት ገና ሳምንት አልሞላም። መያዣ ፍለጋ ሣጥኑ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ከሥር ስዳብስ ጣቶቼ ብሎን አገኙ። አራት ናቸው። ቀና ስል የአክስቴ ባል፣ አናጢው፣ ጣሪያውን በጥሞና ይመረምራል።

ተጠጋሁትና "ጋሼ፣ ካቻቢቴ ይዘሃል?" አልኩት በሹክሹክታ።

ሌባ እንዳይወስደው ብሎ ሣጥኑን ከጠረጴዛው ጋር ያሰረው አክስቴ ቁልፉን በተረከበችበት ዓመት እንደሆነ ነገረኝ። አንድ ሰው ሊያነሳው ሞክሮ ሲያቅተው ወሬው ተነሳ፤ እሱ እውነቱን ልንገራት ሲል እሷ በወሬዋ ሌቦቹ ላይ ደርሳለች።

"ደስ ብሏት ስታወራ እንዴት ላቋርጣት?" አለ።

ጃንጥላው ዘንበል አለ። አክስቴ ሰምታለች። ባሏን አየችውና ሰውን ሁሉ ግቢ ወጥታችሁ በደላችሁን አስቡ አለች። ከውስጥ ብሎን ሲንጫረር፣ ከውጭ ልብስ ሰፊው ቀሚሱን ለቅዳሜ ሊያደርስ ሲምል ይሰማ ነበር።

አክስቴ ሣጥኑን ብቻዋን ታቅፋ ስትወጣ አንዳንዱ ተንበረከከ። ሥጋ ሻጩ፣ በዕድሜዋ አንድም ቀን ዋሽታ አታውቅም ብሎ አለቀሰ። እሷ ሣጥኑን እንዳቀፈች በአጠገቡ አለፈች።

ጎን ክፍል ገብተን በሩ ሲዘጋ ወደ ባሏ ዞረች።

"ስንት ብሎን ነበር?"

"አራት።"

"ስድስት አድርገው።"