አይጧ ዝም ስትል

የቬርነር ክሉግ ሆድ ውስጥ አይጥ አለች። በወጣትነቱ በቆሎ ጎተራ ውስጥ ተኝቶ ሳለ በአፉ ገባች ይላል። እኛ እዚህ የአእምሮ ሆስፒታል አብረነው የምንኖረው በሽተኞች ደግሞ መቼ እንደምትነሳ፣ ምን እንዳማራት፣ ከማን ጋር እንደተቀያየመች ሳንወድ እናውቃለን። እኔን ግን ትወደኛለች አሉ። «ኤልደን፣ ዛሬ በስምህ ጠራችህ» ይለኛል። ምን ይባላል? ሰላም በልልኝ እላለሁ።

ዶክተር ፕሬንቲስ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው በጸደይ ነው። ልጅ እግር ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ የነጭ ጋዋኑ ኪስ ሁልጊዜ ከረሜላ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሐኪሞች በኤሌክትሪክ ያነዝሩን ስለነበር በከረሜላ የሚያክም ሰው ስናይ ደስ አለን። መፍራት የጀመርነው ቆይተን ነው።

ዶክተሩ ያመጣው ሕግ አጭር ነው። ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያደርገው የሚያገኝበት ነገር ስላለ ነው። ቬርነር ስለ አይጧ ሲያወራ ነርሷ፣ ሲስተር ማርዲስ፣ «አይዞህ» ትለዋለች። ያቺ «አይዞህ» ለአይጧ ቀለብ ናት። ቀለቧ ይቆረጥ፣ ትሞታለች። ስለዚህ ቬርነር «አይጥ» ሲል ሁሉም ፊቱን ያዞርበታል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቤዝቦል፣ ስለ በቆሎ ሲያወራ ደግሞ ሁሉም ይቀርበዋል፣ ፈገግ ይልለታል፣ እጁን ይይዘዋል። እኛ በሽተኞችም ፊታችንን ስናዞር ሲጋራ እናገኛለን። እኔ ግድግዳ የማየት ችሎታዬ በጣም ተሻሻለ።

ሕጉን የጣሰ ጸጥታ ክፍል ይገባል። መስኮት የለውም፣ ወንበር የለውም። ማንም አይመታህም፣ ማንም አይሰድብህም፤ ምንም የለም። አንዴ ገብቼ ወጥቻለሁ። «ምንም» የሚባለው ነገር እንደዚያ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ቬርነር ቁርሱን ሳይነካ ተነሳ።

«ኤልደን፣ ነከሰችኝ» አለ፤ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ቀኝ ጎኑን ይዟል።

አይጧ ይህን ሁሉ ዘመን ስትኖር ነክሳው አታውቅም። ትዞራለች፣ ትቧጭራለች፣ ሰው ታማለች፤ ንክሻ ግን የለባትም።

ምሳ ሳይደርስ መጮህ ጀመረ። ግዙፉ አስታማሚያችን ሮስኮ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

«ሲስተር፣ ቬርነርን የእውነት አሞታል» አልኳት ማርዲስን።

«ዛሬ ጸጉርህን አበጥረሃል ኤልደን። ያምርብሃል።»

«ሲስተር፣ ቀኝ ጎኑን እኮ...»

ፊቷን አዞረች። ስለ አይጧ ያወራ፣ በውክልናም ቢሆን፣ ፊት ይዞርበታል። ማጅራቷ ቀልቶ ነበር፤ እሷም አልወደደችውም። ግን ፊቷን ባዞረች ቁጥር ዶክተሩ «ጎበዝ!» ይላታል። ከረሜላ አይሰጣትም፤ ሲስተር ናታ።

ከሰዓት ዶክተሩ መጣ። ቬርነር ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ይጮሃል። ዶክተሩ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ፤ ፊቱ በደስታ በርቷል።

«እየሠራ ነው!» አላቸው ሮስኮንና ማርዲስን። «ኩራዝ ጋዙ ሲያልቅ ምን ያደርጋል? ከመጥፋቱ በፊት ቦግ ይላል። ይሄም እንደዚያ ነው። አሁን አንድ ሰው ቢራራለት ልፋታችን ገደል ገባ፤ አብልጦ መጮህ እንደሚያዋጣ ተማረ ማለት ነው።»

«ኧረ ዶክተር፣ ቢሞትስ?» አለ ሮስኮ።

«ምን ገድሎት? በራጅ ስንት ጊዜ አየነው። አይጥ የለም።»

ሳቁ። ሮስኮም ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቬርነር በጮኸ ቁጥር ደስ ይላቸዋል፤ ዝም ቢል የበለጠ ደስ ይላቸዋል። ሰውየው የሚሞትበት እንጂ የሚድንበት ቀዳዳ የለውም።

«ዶክተር» አልኩ።

«አቤት ኤልደን፣ ስለ ምን ልታወራኝ ነው?» ድምፁ ለስላሳ ነው። ከጀርባው የጸጥታ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል።

«ስለ... ቤዝቦል።»

ከረሜላ ሰጠኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቬርነር ዝም አለ።

ሮስኮ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰና «ተመስገን» አለ። ዶክተሩ በስልክ ለሆነ ሰው «ጠፋች!» ሲል ሰማሁት። ቬርነር ወንበሩ ላይ ነው፤ ፊቱ ሰም መስሏል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ሁሉም ከሩቅ በደስታ ያየዋል። የሚነካው የለም። ዝም ያለን ሰው ንኩ የሚል ሕግ የለማ፤ ሕጉ የሚለው ጥሩ ሲናገር ቅረቡት ነው።

ግድግዳውን እያየሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ቬርን፣ አይጧስ?»

«ሄደች» አለ። «ቤቱን አቃጥላ ሄደች።»

«ስማኝ። ስለ በቆሎ አውራ።»

«እ?»

«በቆሎ! ሲስተር እንድትሰማህ ጮክ ብለህ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው እየሞተ...»

«የምትሞት ከሆነ ስለ በቆሎ እያወራህ ሙት፣ አንተ ግትር ሽማግሌ! አይጥ ብትል የሚመጣ የለም። አመመኝ ብትል የሚመጣ የለም። በቆሎ በል!»

የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። ሮስኮ ከኋላዬ ቆሟል።

«ስለ ምንድን ነው ኤልደን?» አለ። «ስለ ምንድን ነው የምታወራው?»

የሮስኮ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ተነስ የሚል እጅ ነው። ጸጥታ ክፍሉ ከዚያ ስድስት እርምጃ አይሞላም። ቬርነር ዓይኑን ጨፍኗል። አበቃ አልኩ።

«ሲስተር ማርዲስ» አለ ቬርነር። ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ ነው። «ዘንድሮ... በቆሎው... አምሯል።»

ማርዲስ ትሪዋን ያገኘችበት ላይ አሳርፋ እየሮጠች መጣች።

«በቆሎ አልክ! ቬርነር! የኔ ጎበዝ!»

ሕጉ እንደሚለው ፈገግ አለችለት፤ ሕጉ እንደሚለው እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ተረሳ፤ እጇ ግን ነገሩ ቀድሞ ገባው። መዳፏን ግንባሩ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሸሚዙን ገልጣ ሆዱን ነካች። ሆዱ እንደ ሳንቃ ነው።

«ሮስኮ! ቃሬዛ!»

«ዶክተሩ እኮ ሲስተር...»

«በቆሎ ነው ያለው ሮስኮ! ሩጥ!»

ሮስኮ ትከሻዬን ለቆ ሮጠ።

ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኖሯል። ከቀዶ ሕክምናው ተርፎ ወደ እኛ ሲመለስ ደጁ ሁሉ በረዶ ለብሶ ነበር። ዶክተር ፕሬንቲስ ሕጉን አላነሳም፤ የቬርነር ሙቀት በየጠዋቱ ይለካ የሚል ጨመረበት እንጂ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሕጉ ሠርቷል። አይጧን ያነሳት የለም። ቬርነርም አያነሳትም።

«በላህ ቬርን?» ስለው፣ «በቆሎው አምሯል» ይለኛል።

«በረደህ?»

«በቆሎው አምሯል።»

ይቀርቡታል፣ ፈገግ ይሉለታል፣ እጁን ይይዙታል። ከመስኮቱ ውጭ እርሻው እስከ አድማስ ድረስ ነጭ ነው።

ትናንት ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና ቀስ ብሎ ጎኑን ያዘ። አሁን ግን ግራውን ነው።

«ቬርን፣ አመመህ? የት ጋ ነው?»

ከንፈሩ ሌላ ቃል ሊያወጣ ሲታገል አየሁ፤ እምላለሁ፣ አየሁ።

«በቆሎው አምሯል ኤልደን።»

መዳፌን ግንባሩ ላይ አደረግኩ። ትኩሳቱ የእሱ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ። ቀና ስል ሮስኮ ያየናል። ቁልፉን ግን አልነካም። ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ።

እጄን አላነሳሁም።