ሳል የያዛት ሞተር

ሞተሬ ሴት ናት። ሞተር ወንድ ነው ባይ ካለ መጥቶ ይከራከረኝ፤ ጁባ ውስጥ ስለ ሞተር ተከራክሮ የረታኝ እስካሁን አላየሁም። ቀይ ናት፣ ከካምፓላ የመጣች። ክሊኒኮች የሚልኩትን የደም ናሙና በበረዶ ሳጥን ኋላዋ ላይ አስሬ ካቶር ሰፈር ወዳለው ላብራቶሪ አደርሳለሁ። ፀሐዩ ናሙናውን ሳያበላሸው መድረስ አለብኝ፣ እደርሳለሁም። ስበር ያዩኝ የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ማለት ነው፣ ነጂዎች «ሀበሺያ!» ብለው ይጮሃሉ፣ እኔም ክላክስ አድርጌላቸው አልፋለሁ። ሥራዬን እንዲህ ነው የምወደው።

ታዲያ ደቡብ ሱዳን ትገንጠል አትገንጠል የሚለው ሪፈረንደም ሊደረግ ወራት ሲቀሩት፣ ከተማው ሁሉ ወዲህ ወዲያ በሚልበት ሰሞን፣ የዓመቱ የተሽከርካሪ ምርመራ ደረሰ። ምርመራውን ያለፈ ስቲከር ይለጠፍለታል። ክሊኒኮቹ ደግሞ ቁርጡን ነገሩኝ፤ ስቲከር ከሌለሽ ከቅዳሜ ጀምሮ ሥራው ፒካፕ ላለው ሰውዬ ይሰጣል አሉ። ሥራው ሲሄድ እኔ ወዴት እንደምሄድ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ወደ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ወጥ ቤት ነው።

ጋሽ ወልዴ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ንያኩሮን ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው፤ እኔንም ወጥ ቤቱን እንዳስተዳድር ብለው ከአዲስ አበባ ያስመጡኝ እሳቸው ናቸው። ጥቂት ሠራሁና ሽንኩርትና ጭስ ሲሰለቸኝ ሞተር ገዛሁ። አሁንም እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው የምኖረው። በየጠዋቱ ሄልሜቴን ሳጠልቅ በረንዳው ላይ ቆመው፣ «ሮዳስ፣ ሴት ልጅ ሞተር ላይ! አባትሽ ቢያይ ምን ይለኛል?» ይላሉ። እኔ አስነስቼ ውልቅ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ላይ ሳጅን ቱት የሚባል ረጅም መርማሪ ሞተሬን ዞሮ ዞሮ አያት። ጎንበስ ይላል፣ ይነካካል፣ ደግሞ ጎንበስ ይላል። ትዕግሥቴ አለቀና በአማርኛ፣ «ይሄ ቀውላላ ዛሬ ጥርሱን ነክሶብኛል» ብዬ አጉረመረምኩ። ቀና እንኳ ሳይል በጠራ አማርኛ፣ «ጥርሴን አልነከስኩም እህቴ፣ የፍሬን መብራትሽ አይበራም» አለኝ። ለካ በስደት ጋምቤላ፣ ኢታንግ ካምፕ ነው ያደገው። ምን ልበል፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያየውን ጉድለት ነገረኝ። የፍሬን መብራቷ ሞቷል፣ ካቴናዋ ረግቧል፣ የኋላ ፍሬን ሸራዋ አልቋል። የፊት መብራቷ ደግሞ ወደ ግራ ነው የሚያበራው፤ ኡጋንዳ በግራ ስለሚነዳ ለዚያ አገር ተስተካክሎ መጥቷል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ፣ ማታ ማታ ከፊት ለፊቴ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ዓይን ሳጠፋ ከርሜአለሁ ማለት ነው። ሁሉንም አሠራሁ። አንጀቴ እያረረ፣ ግን አሠራሁ።

በሁለተኛው ምርመራ ቀን ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። መብራቱ በራ፣ ፍሬኑ ያዘ፣ ሳጅን ቱትም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ነዳጅ ሰጥቶ ሊሞክራት ሲል ሞተሬ እህ እህ አለችና ቀጥ። እንደገና አስነሳት፣ አሳለችና ቀጥ። ከዚያ በፊትም አልፎ አልፎ ጠዋት ላይ ትንተፋተፍ ነበር፣ አቧራ ነው ብዬ ንቄው ነው እንጂ።

«ቁመናዋ ደህና ነው» አለኝ ሳጅን። «ውስጧ ታሟል። አርብ እኩለ ቀን ላይ ምርመራው ይዘጋል። አድነሽ አምጫት።»

ሐሙስ ዕለት ካቶር ባልቻ ጋ ወሰድኳት። ባልቻ የአገሬ ሰው ነው፣ ከኒም ዛፍ ሥር የሚሠራ መካኒክ። ካንዴላ ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፣ የጁባ አቧራ እንደ ሽሮ ቦነነ። አሁንም ትስላለች። በመጨረሻ ካርቡራተሩን ፈታና ውስጡ የተጠራቀመውን ብርጭቆ ላይ ገለበጠው። ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፈፈ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ጠራ ብሎ ተቀመጠ።

«ውሃ ነው» አለ ባልቻ። «ሰልባትዮሽ፣ የቤንዚን ቋትሽ፣ ውሃ ገብቶበታል። ቤንዚን ከማን ነው የምትገዢው?»

ከላዶ ነዋ። ላዶ መንገድ ዳር በጠርሙስ ቤንዚን የሚሸጥ የሰፈራችን ሰው ነው። ደሜ ፈልቶ ሄድኩበት። በአማርኛም በጁባ አረብኛም ያለኝን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት፣ ገበያተኛው ሥራ ፈትቶ እስኪያየኝ። ላዶ አስጨረሰኝና ከጠርሙሱ አንዱን አንስቶ ፀሐይ ላይ ያዘው። «ሞዮ ማፊ» አለኝ፤ ውሃ የለውም ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፣ ኩልል ያለ። ንዴቴ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

ባልቻ ሰልባትዮውን አጥቦ ንጹህ ቤንዚን ሲሞላበት ሞተሬ ያለ ምንም ሳል ተነሳች። እኔ ግን ወደ ቤት ስነዳ ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። የሰልባትዮው ክዳን ቁልፉ ከተሰበረ ቆይቷል፣ ማንም ከፍቶ የፈለገውን ሊጨምርበት ይችላል። ላዶ ካልሆነ ሌላ ሰው ነው። ሞተሬ ብትሞት የሚደሰት ሰው። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሞ የሚያጉረመርም ሰው።

ያን ምሽት ሞተሬን ከመስኮቴ ፊት ለፊት አቆምኳት።

አርብ ጎህ ሲቀድ መስኮቴ ላይ ተተክዬ ነበር። ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅዳሴ ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ወደ ሞተሬ መጡ፣ ክዳኑን አነሱ፣ ከነጠላቸው ሥር ጠርሙስ አወጡ።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። «አንተ ሰውዬ!» ስል ራሴን ሰማሁት። በዕድሜዬ እሳቸውን አንተ ብዬ አላውቅም። ደነገጡና የያዙት ጠርሙስ ሰልባትዮው አፍ ላይ እንዳለ ተዘቀዘቀ፣ ጎርጎርጎር ብሎ ያለው ሁሉ ገባ። በምርመራው ቀን፣ በንጹሁ ቤንዚኔ ላይ።

«ሥራዬን ሊያሳጡኝ ነው? ወጥ ቤትዎ ልመለስልዎ ነው?» አልኩ። ዕንባዬ መጣ፣ ንዴት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ጋሽ ወልዴ ባዶውን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። «ጠበል ነው እኮ» አሉ።

«ምን?»

«ጠበል ነው፣ ልጄ። ከአገር ያስመጣሁት። ሞተር ከገዛሽ ዕለት ጀምሬ ጠዋት ጠዋት በጠርሙስ ክዳን ጠብ አደርግላት ነበር። ምርመራ አለብኝ ስትይ ደግሞ ጨመር አደረግኩ።»

ጠርሙሱን ተቀብዬ አሸተትኩት። «ታዲያ ላይዋን አይረጩም? ለምን ሆዷ ውስጥ?»

«ላይዋን ብረጫትማ ነፋሱ ከበር ሳትወጪ ያደርቀዋል» አሉ። «ውስጥ ከገባ ግን የትም ብትሄጂ አብሮሽ ነው ብዬ ነው። እኔ ከኋላሽ መሮጥ አልችል።»

ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም። ቁጣዬም አልለቀቀኝም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ጊዜ የለም። ባልቻ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። ደወልኩ፣ አያነሳም። ሲመጣ ፀሐዩ ከፍ ብሏል። ቱቦውን ነቅሎ ቤንዚኑን መሬት ላይ ሊለቀው ሲል ጋሽ ወልዴ መሐል ገቡ።

«ጠበል መሬት ላይ? ሰው እየረገጠው? እኔ ቆሜ አይሆንም።»

«ጋሼ፣ ቤንዚን ነው እኮ» አለ ባልቻ።

«ጠበልም ነው።»

«ዛፍ ሥር እናፍሰው።»

«ዛፉን ልትገድል ነው?»

እኔ ሰዓቴን እያየሁ ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ ከወጥ ቤት ጀሪካን አመጡና ጠብታ ሳይባክን እዚያ ውስጥ ተገለበጠ። ባልቻ ሰልባትዮውን አጠበ፣ ያጠበበትም እዚያው ጀሪካን ገባ። እኔ ላዶ ጋ ሮጥኩ። ትናንት ያወረድኩበትን ረስቼ ሳይሆን አማራጭ አጥቼ ነው። «ማሌሽ» አልኩት፣ ይቅርታ መሆኑ ነው። ሳቀብኝና ከሁሉ የጠራውን መርጦ ሰጠኝ።

ሞተሬ ተነሳች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ልወጣ ስል ጋሽ ወልዴ ጀሪካናቸውን እንዳቀፉ ከኋላዬ ሲፈናጠጡ ተሰማኝ።

«የት ነው?»

«አብሬሽ ልሂድ። ካስቸገሩሽ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ እመሰክራለሁ። ንጂ።»

ሞተር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ከበር ስንወጣ ወገቤን በአንድ እጃቸው ጥፍር አድርገው ያዙና የማርያምን ስም እየጠሩ፣ «ቀስ፣ ቀስ በይ» ይሉኛል። ጉድጓድ ስዘል ጀሪካኑ ጀርባዬን ይደቃኛል። ዋናው መንገድ ላይ አንድ የውሃ ቦቴ እየተንቀራፈፈ ዘጋብን፤ ሰዓቱ ደግሞ እየሮጠ ነው። ከኋላው ስንንፏቀቅ ጠጋ አሉና ጆሮዬ ሥር፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ቅደሚው እንጂ» አሉ።

ቀደምኩት። ነጠላቸው እንደ ባንዲራ ተርገበገበ። «ያንንም» አሉ ጋሽ ወልዴ። ያንንም ቀደምኩት። የቦዳ ነጂዎቹ «ሀበሺያ!» ሲሉ እኔ ክላክስ ሳላደርግ በፊት እሳቸው እጃቸውን አነሱላቸው። በዚያች ደቂቃ ስንት ወር የያዝኩባቸው ቂም ከላዬ ላይ ወርዶ የት እንደወደቀ እንጃ።

ሳጅን ቱት ሊዘጋ ወረቀቱን እየሰበሰበ ደረስን። አስነሳት። ነዳጅ ሰጣት፣ አጠፋት፣ መልሶ አስነሳት። አላሳለችም። መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ ካቴናውን ድጋሚ አየ። ስቲከሩ የሚለጠፍበትን ቦታ በእጅጌዬ ጠረግኩለት። ከዚያ እጁን ሰልባትዮው ላይ ሲያሳርፍ ክዳኑ እንደ ድስት ክዳን ዞረ።

«ይሄ አይቆለፍም። ቤንዚን እየረጨሽ ነው የምትሄጂው?»

ጋሽ ወልዴ ጀሪካኑን አስቀምጠው ወደ ፊት መጡ። «ልጄ፣ በዚያ ክዳን ገብቼ ያሳመምኳት እኔ ነኝ። እሷ የለችበትም» ብለው ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ነገሩት። ሳጅን ቱት ጀሪካኑን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ሲነቃነቅ ቆየ። ሲዞር ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

«እኩለ ቀን ገና አልሆነም» አለ። «በር ላይ መለዋወጫ የሚሸጡ አሉ።»

እኔ ሳልንቀሳቀስ ጋሽ ወልዴ ሮጡ። ከኋላሽ መሮጥ አልችልም ያሉት ሰውዬ። ነጠላቸው አንድ ትከሻቸው ላይ ቀርቶ፣ በቆዳ ጫማቸው አቧራውን እያጨሱ ሄደው አዲስ ክዳን ይዘው ተመለሱ። ልክ ገባ፣ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ሳጅን ቱት ስቲከሩን በገዛ እጁ ለጠፈልኝ።

ክዳኑ ከሁለት ቁልፍ ጋር ነው የመጣው። ጋሽ ወልዴ ሁለቱንም ዘረጉልኝ፤ ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም። «ሁለቱንም አንቺ ያዢ» አሉኝ። «እጄን አላምነውም።»

አንዱን ወሰድኩና ሌላውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ ጣታቸውን አጠፍኩላቸው። «የኔ ቢጠፋ ትርፉ ያለው ቤተሰብ ጋ ነው» አልኳቸው። ማተባቸውን ከአንገታቸው ሳብ አድርገው ቁልፉን ከመስቀላቸው ጎን አንጠለጠሉት።

ጀሪካኑ እስከ ዛሬ ዕቃ ቤታቸው ተቀምጧል፤ ምን እንደሚደረግ ቄሱም አላወቁም።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ስወጣ ሌላ ጠርሙስ ይዘው ቆመው ነበር። ስለ ሴት ልጅና ስለ ሞተር አንድም ነገር አልተናገሩም። ወደ ሞተሬም አልሄዱም። «ሄልሜቱን ሳታጠልቂ ጎንበስ በይልኝ» አሉኝ። ጎንበስ አልኩላቸው፤ ውሃው በማጅራቴ ወረደ፣ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ሞተሬን አስነሳኋትና ሳታስል ከበር ወጣን።