ከሕዝቡ መሐል የመጣ ፉጨት

ታራ በማቀናበሪያው ማሽን ላይ የጊታሩን ድምፅ ዘጋች፤ የዘፋኙን የሮይንም ድምፅ ዘጋች፤ ሕዝቡን ይቀዳ የነበረውን ማይክሮፎን ብቻ ከፍ አድርጋ፣ "እስቲ ይቺን ይስሙልኝ" አለችው ኖርማንን።

ኖርማን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አስተካክሎ ጎንበስ አለ። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ "ስሌት ሮው" የተባለው የሮክ ቡድን ከበሮ መቺ። ቡድኑ ከተበተነ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ባለፈው ጥቅምት ተሰባስቦ፣ እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ ሦስት ምሽት ተጫውቷል። ያኔ የተቀዳው አሁን አልበም ሊሆን ነው። የድምፅ ባለሙያዋ ታራ ወር ሙሉ ስታቀናብረው ከርማ አንድ ዘፈን ብቻ ቀርቷታል።

በዘፈኑ መሐል ድሮ ሌስሊ ኪቦርዱን ለብቻው የሚጫወትበት ቦታ አለ። ሌስሊን ያባረረው ዘፋኙ ሮይ ነው፤ ዳግም ሲሰባሰቡም የጠራው የለም። ቦታውን ለሌላ ሰው መስጠት ስለከበዳቸው ኖርማን ብቻውን በቀስታ እየመታ አሳልፎታል። አሁን ግን በዚያ ባዶ ቦታ ላይ፣ ከሕዝቡ መሐል፣ አንድ ሰው የሌስሊን ዜማ አንዲት ሳያጎድል ያፏጫል።

"ማን ይሆን? ከሰማሁት ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶኛል" አለች ታራ። "ሌሎቹን ምሽቶች ፈተሽኩ፤ የለም። በሦስተኛው ብቻ ነው።"

"ዘፈኑን የሚወድ ሰው ነዋ፣ የኔ ልጅ። ስንቱ በቃሉ ይዞታል።"

"በቃሉ የያዘውማ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ድሮ ባሳተማችሁት ሸክላ ላይ ዜማው ይወጣል። ይሄ ሰውዬ ግን ይወርዳል።"

ኖርማን ድገሚው አላት። ሁለቴ ሰማው፤ ሦስቴ ሰማው። ሸክላው በተቀዳ ሰሞን ሌስሊና ሮይ በዚያች በመጨረሻዋ ኖታ ሳምንት ሙሉ ተናክሰውባታል። ሌስሊ ትውረድ አለ፣ ሮይ ትውጣ አለ፤ ሮይ አሸነፈ። ስትወርድ የሰሟት የያኔዎቹ አምስት የቡድኑ ሰዎች ብቻ ናቸው።

"ሌስሊ ነው" አለ ኖርማን። "የቀረነው አራታችን መድረክ ላይ ነበርን። ቲኬት ገዝቶ፣ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ገብቷል።"

ይህን ሲል አፈረ። ሌስሊ በተባረረ ዕለት እሱም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ የከበሮውን ቆዳ እያጠበቀ ቀና ሳይል ነው ያመሸው።

ሮይ ዝናብ የመታውን ኮፍያውን እያራገፈ ገባ። ታራ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ አስደመጠችውም። ኖርማን ፊቱን አተኩሮ ቢያየውም ምንም ሊያነብበት አልቻለም።

"አጥፊው" አለ ሮይ። "ከሌላው ምሽት ጭብጨባ አምጥተሽ አልብሺው። ሁሉም የሚያደርገው ነው። እኔ ራሴ የሰነጠቀውን ድምፄን ትናንት እዚሁ ቁጭ ብዬ መልሼ ዘፍኜዋለሁ።"

እውነቱን ነው፤ የመድረክ አልበም ሁሉ ኋላ ይጠጋገናል፤ በዚህ የሚያፍር የለም። ታራ እጇን ወደ ማሽኑ ሰደደች።

"ቆይ" አላት ኖርማን።

"አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?" አለ ሮይ። "ሃምሳ ዓመት ስንተዋወቅ አንድ ቀን ሐሳብ ሰጥተህ አታውቅም።"

"ባለመስጠቴ ነው እዚህ የደረስነው።"

"ሰውዬው እኮ የቡድኑ አባል አይደለም፣ ኖርማን።"

"አይደለም። ግን ያን ምሽት ዜማውን የያዘልኝ እሱ ነው። እኔ ብቻዬን የምመታ መስሎኝ ነበር።"

ሮይ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። ዘፈን ወደ ማተሚያ የሚሄደው ሁሉም ሲፈርሙበት ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዙት ደንባቸው ነው። በአልበሙ ላይ የሚታተመው የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ያለበት የፊርማ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጊታሪስቱና ባሲስቱ ፈርመው ሄደዋል፤ የሮይና የኖርማን ቦታ ባዶ ነው።

ኖርማን እስክሪብቶውን አነሳ። አልፈረመም። ከተጫዋቾቹ ስም ዝርዝር ግርጌ፣ ቀስ እያለ፣ "ሌስሊ ግሪምሾ፦ ፉጨት" ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ወደ ሮይ ገፋው።

"መጀመሪያ አንተ ፈርምበት" አለው። "ከዚያ እኔ እፈርማለሁ።"